ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፦ የዊኪፔዲያ የሕክምና ገጾች በምንጭና በክርክር ሥርዓታቸው ሲመዘኑ

መንደርደሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል፣ በማለዳው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ስለ አንድ ታካሚ ሲያብራራ፣ የታዘዘው መድኃኒት ለሌላም በሽታ እንደሚጠቅም በእርግጠኝነት ተናገረ። ከአንጋፋዎቹ ሐኪሞች አንዱ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ጥቂት ካመነታ በኋላ «አንብቤዋለሁ፤ ምንጭም ተጠቅሶበታል» ሲል መለሰ። ከስብሰባው በኋላ አብረን ስንፈልገው ዓረፍተ ነገሩ በዊኪፔዲያ ላይ ተገኘ፤ በስተመጨረሻውም የምንጭ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ተከትለን ዋናውን ጽሑፍ ስንከፍት ግን ጥናቱ የተካሄደው በአይጦች ላይ ሆኖ አገኘነው። ምንጩ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ምንጩ ያላለውን ይናገር ነበር። ከዚህም ይበልጥ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። የገጹን የውይይት ክፍል ስንከፍት፣ ከወራት በፊት አንድ አንባቢ ይህንኑ ጉድለት አመልክቶ ዓረፍተ ነገሩ እንዲታረም ጠይቆ ነበር። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም።

አጋጣሚው ትንሽ ቢመስልም የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይዟል። በሙያችን ውስጥ ስለ ዊኪፔዲያ የሚሰማው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «ማንም የሚጽፍበት ነገር አይታመንም» ብሎ ጨርሶ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በአደባባይ እያጣጣለ በስልኩ ያነበዋል። ሁለቱም የሚመለከቱት ጽሑፉን ብቻ ነው። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከሁለቱም ይለያል፤ የዊኪፔዲያ ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚታወቀው ከጽሑፉ ጀርባ ባለው ክርክር ነው። ክርክሩ ሕያው በሆነበት ገጽ ላይ ጽሑፉ ከመልካም የመማሪያ መጽሐፍ የማያንስ ሊሆን ይችላል። ተከራካሪ በሌለበት ገጽ ላይ ግን የምንጭ ቁጥሩ ከጌጥነት አያልፍም። ስለሆነም የጤና ባለሙያ ይህን መዝገበ ዕውቀት ከማመኑ ወይም ከመናቁ በፊት፣ የምንጭ ደንቡንና የክርክር ሥርዓቱን መመርመር ይገባዋል።

ማዕረግ ምንጭ አይሆንም

ዊኪፔዲያ በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረተ። የእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ዛሬ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን ይዟል። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጁት፣ የሚያርሙትና የሚጠብቁት በአብዛኛው በእውነተኛ ስማቸው የማይታወቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይዘቱ የሚገዛባቸው ዋና ዋና ደንቦች 3 ናቸው። የመጀመሪያው ሚዛናዊነት ነው፤ ታማኝ ምንጮች የያዟቸው አመለካከቶች ሁሉ እንደ ክብደታቸው መቅረብ አለባቸው። ሁለተኛው እያንዳንዱ አከራካሪ ቃል ከታተመ ታማኝ ምንጭ ሊረጋገጥ የሚችል እንዲሆን ያዝዛል። ሦስተኛው ጸሐፊው የራሱን አዲስ ምርምር ወይም የራሱን ድምዳሜ እንዳያስገባ ይከለክላል።

ሁለተኛው ደንብ ለሐኪም ጆሮ እንግዳ ነው። አንድ የልብ ሐኪም በ30 ዓመት የሥራ ልምዱ ያረጋገጠውን እውነት ቢጽፍና ምንጭ ባይጠቅስ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጽሑፉን ሊያነሣበት መብት አለው። ተማሪው በሙያው በልጦ ሳይሆን ሐኪሙ ማስረጃ ባለማቅረቡ ነው። ብዙ የሙያ ባልደረቦች በዚህ ተቀይመው መዝገቡን ትተዋል። ቅሬታቸው የሚገባን ቢሆንም፣ ደንቡ ስለ ራሳችን የሚናገረውን ማድመጥ ይጠቅማል። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና እናስተምራለን እንላለን፤ የባለሙያ አስተያየት ከማስረጃ ደረጃዎች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑንም ለተማሪዎቻችን እንነግራለን። በየዋርዱ ክርክር ሲነሣ ግን የሚረታው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው ነው። ዊኪፔዲያ ቢያንስ በጽሑፍ ደረጃ እኛ የምንሰብከውን ደንብ በራሱ ላይ ተግባራዊ አድርጓል።

የሕክምና ጽሑፎች ደግሞ ከሌሎቹ የጠበቀ የራሳቸው የምንጭ መመሪያ አላቸው። በዚህ መመሪያ መሠረት ስለ በሽታና ስለ ሕክምና የሚሰጥ መግለጫ በአንድ ነጠላ ጥናት ላይ ሳይሆን በስልታዊ ግምገማዎች፣ በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች በወጡ የግምገማ ጽሑፎች፣ በመማሪያ መጻሕፍትና የታወቁ የጤና ድርጅቶች ባወጧቸው መመሪያዎች ላይ መመሥረት አለበት። በተቻለ መጠንም ከ5 ዓመት ወዲህ የታተሙ ግምገማዎች ይመረጣሉ። በእንስሳት ወይም በቤተ ሙከራ ብቻ የተገኘ ውጤት ለሰው እንደሚሠራ ተደርጎ እንዳይጻፍም ያስጠነቅቃል። እንግዲህ በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር የመዝገቡን የራሱን ደንብ የጣሰ ነበር ማለት ነው።

የመመሪያውን አስፈላጊነት ለማየት እ.ኤ.አ. በ1998 በላንሴት የወጣውን የአንድሩ ዌክፊልድን ጽሑፍ ማስታወስ ይበቃል። ጽሑፉ 12 ሕፃናትን ብቻ የያዘ ነበር። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ይያያዝ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች ወላጆችን አሸበረ። መጽሔቱ ጽሑፉን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ «በታወቀ መጽሔት ላይ ታትሟል» ማለት የማይቻልበት ቀን አልነበረም። ነጠላ ጥናትን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ ከማይፈቅድ ደንብ በቀር ጋሻ የሚሆን ነገር አልነበረም።

የክርክሩ ሥርዓት

በዊኪፔዲያ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በገጹ የታሪክ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ጨመረና እንደ ቀነሰ ማንም አንባቢ ማየት ይችላል። አንድ ሰው የጻፈውን ሌላው ካልተቀበለው ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ግን መልሶ መመለስ ሳይሆን በውይይት ገጹ ላይ ምክንያትን ማስረዳት ነው። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የመለሰ ሰው ለጊዜው ከመጻፍ ይታገዳል። ትክክል መሆኑ አያድነውም።

ያ ወጣት ሐኪም ይህን የተማረው በተግባር ነው። በዚያው ምሽት ዓረፍተ ነገሩን ያለ ማብራሪያ አወጣው፤ በማግሥቱ አንድ የማያውቀው ሰው መለሰው። ተናድዶ ደግሞ አወጣው፤ እንደገና ተመለሰበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያወጣው ሲል ማስጠንቀቂያ ደረሰው። «እኔ ሐኪም ነኝ፤ እርሱ ማን ነው?» ሲል ሰምቼዋለሁ። በመጨረሻ በውይይት ገጹ ላይ ጥናቱ በአይጦች ላይ የተደረገ መሆኑን፣ የጽሑፉን ገጽ ጠቅሶ በ4 መስመር ጻፈ። ያ የማያውቀው ሰው በሰዓታት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ አወጣው። ሰውዬው ከወጣቱ ሐኪም ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ምንጭ ያለው ጽሑፍ ያለ ምክንያት ሲጠፋ አይቶ ብቻ ነበር የመለሰው።

ሁለቱ ወገኖች በዚህ መንገድ ካልተስማሙ ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በመጀመሪያ ሦስተኛ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ይጠየቃል። ቀጥሎ ጉዳዩ ለሰፊው ማኅበረሰብ ቀርቦ ብዙውን ጊዜ ለ30 ቀናት ያህል ሐሳብ ይሰበሰብበታል። በመጨረሻም በጸሐፊዎች ምርጫ ላይ ተመሥርቶ የተቋቋመ የግልግል ኮሚቴ አለ። ይህ ከአገራችን ሽምግልና ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ ግን አንድ ዐቢይ ልዩነት መታወቅ አለበት። ሽማግሌ ፍሬ ነገሩን ሰምቶ ይፈርዳል። የግልግል ኮሚቴው ግን ስለ ጠባይ ይፈርዳል እንጂ የትኛው የሕክምና ሐሳብ ትክክል ነው በሚለው አይፈርድም። ሆሚዮፓቲን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በሚመለከት ደግሞ በ2015 የቀረቡለት ጉዳዮች የተዳኙት በዚሁ መልክ ነው። ይዘቱ የሚወሰነው ሁልጊዜ በውይይትና በስምምነት ነው።

ሥርዓቱ የሚነቀፍበት ዋናው ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው። ስምምነት ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይገኝም። ሙሉ ቀን ተረኛ የሆነች ነርስ ወይም በቀን 60 ታካሚ የሚያይ ጤና መኮንን ለ30 ቀን ክርክር መቀመጥ አይችሉም። በአንድ ምርት ላይ ጥቅም ያለው ድርጅት ወይም በአንድ ሐሳብ የተያዘ ግለሰብ ግን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ከፋዩን እንዲያሳውቅ የመዝገቡ የአጠቃቀም ውል ያስገድዳል። ቢሆንም የተደበቀን ክፍያ ማወቅ ቀላል አይደለም። ያለ ድካም የሚከራከር ሰው፣ በማስረጃ ባይረታም በጽናት ብቻ ገጹን ለረጅም ጊዜ ሊይዝ ይችላል።

የሮርሻክ ሥዕሎች፦ ምንጭ ያልፈታው ክርክር

ሥርዓቱ የት እንደሚበረታና የት እንደሚደክም ከሚያሳዩት ክርክሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2009 የተነሣው የሮርሻክ ፈተና ጉዳይ ይጠቀሳል። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሄርማን ሮርሻክ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተማቸው 10 የቀለም ሥዕሎች የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለምርመራ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ለብዙ ጊዜ በዊኪፔዲያ ገጹ ላይ አንዱን ሥዕል ማሳየት እንኳ ያከራክር ነበር። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የሆነው ጄምስ ሄልማን 10ሩንም ሥዕሎች አወጣቸው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ተቃውሞ ግልጽ ነበር። ፈተናው የሚሠራው ታካሚው ሥዕሎቹን አስቀድሞ ካላያቸው ነው፤ ሥዕሎቹና የተለመዱት መልሶች ከታወቁ መሣሪያው ይበላሻል፤ ጉዳቱም በታካሚዎች ላይ ይደርሳል አሉ። የሌላው ወገን መልስም እንዲሁ ግልጽ ነበር። ሮርሻክ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለሞተ በሥዕሎቹ ላይ የባለቤትነት መብት የለም፤ በመጻሕፍትም ውስጥ ታትመው ይገኛሉ፤ መዝገበ ዕውቀት ዕውቀትን አይሸሽግም አሉ። ክርክሩ ወደ ታላላቅ ጋዜጦች ገጽ ተሻገረ። ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉዳዩን ከመዝገቡ አውጥተው ለሐኪሙ የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል አቤቱታ እስከ ማቅረብ ደረሱ። ሥዕሎቹ ግን በገጹ ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «ሥዕሎቹን አስቀድሞ ማየት የፈተናውን ውጤት ምን ያህል ያዛባል?» የሚለው የምንጭ ጥያቄ ነው፤ በጥናት ሊመለስ ይችላል። መዝገቡም ማስረጃ እንዲቀርብ መጠየቁ ተገቢ ነበር። «ጉዳት ይኖራል ተብሎ ቢጠረጠር እንኳ ማሳየት ይገባል ወይ?» የሚለው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ግምገማ ጽሑፍ በመደርደር አይፈታም። የዊኪፔዲያ ሥርዓት የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመዳኘት የተሠራ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ያው በቍጥርና በጽናት የሚበልጠው ወገን ይረታል። አስቀድሞ ጉዳት አለማድረስን የሙያው መሠረት አድርገን ለምንቆጥር ሰዎች ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሆኖም አቤቱታውን ወደ ፈቃድ ሰጪ አካል መውሰድ ለጥያቄው መልስ አላስገኘም። ሙያዊ ሥልጣንን በክርክር ውስጥ እንደ ዱላ መጠቀም ማስረጃ እንደሌለን ከማሳወቅ በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

መዛኙም ይመዘን

ስለ መዝገቡ ትክክለኛነት የተደረጉ ጥናቶችም ቢሆኑ በዚያው ሚዛን መመዘን አለባቸው። ኔቸር የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ከዊኪፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች አስመረመረ። በዊኪፔዲያ 162፣ በብሪታኒካ 123 ስሕተቶች ተቈጠሩ። ከባድ የተባሉት በሁለቱም እኩል 4 ነበሩ። ብሪታኒካ በ2006 የምርመራውን አካሄድ አጥብቆ ተቃወመ፤ መጽሔቱም በውጤቱ ጸና። ከዚህ ጥናት «ዊኪፔዲያ እንደ ብሪታኒካ ነው» የሚለውን ብቻ ነቅሰው የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ በአማካይ 4 ያህል ስሕተት መገኘቱን ግን ብዙዎቹ አያነሡም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ማኅበር መጽሔት ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትሉ 10 የጤና ችግሮችን የሚመለከቱ ገጾችን ከታተሙ የሕክምና ጽሑፎች ጋር አነጻጽሮ፣ በ9ኙ ላይ አለመጣጣም መኖሩን ጻፈ። የዜና ማሰራጫዎች ወሬውን «ከ10 የዊኪፔዲያ የጤና ገጾች 9ኙ ስሕተት አለባቸው» ብለው አራቡት። ጥናቱ የመረመረው 10 ገጾችን ብቻ ነው፤ አለመጣጣም ሁሉ ደግሞ የዊኪፔዲያ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የታተሙት ጽሑፎች ራሳቸው እርስ በርስ የማይስማሙበት ጊዜ አለ። በየስብሰባው ይህን ጥናት እየጠቀስን ተማሪዎችን የምንገሥጽ መምህራን፣ ዋናውን ጽሑፍ ሳናነብ የጋዜጣ ርእስ ብንደግም ከምንገሥጸው ተማሪ በምን እንለያለን?

ምንጩ ራሱን ሲጠቅስ

ከተራ ስሕተት ይልቅ የሚያሰጋው ክብ ሠርቶ የሚመለስ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚናገረው ገጽ ላይ፣ ለቀልድ የፈጠረውን ቅጽል ስም ጨመረበት። ስሙ በገጹ ላይ ቆየ፤ ጋዜጦች ገለበጡት፤ ወደ መጻሕፍትም ገባ። ከዚያ በኋላ እነዚያው ጋዜጦች የስሙ ትክክለኛነት ማስረጃ ሆነው በገጹ ላይ ተጠቀሱ። የተፈጠረ ነገር በዚህ መንገድ ዋቢ አገኘ።

የእንስሳ ስም ማንንም አይጎዳም። በሕክምና ግን ይኸው መንገድ ክፍት ነው። አንድ መምህር ከዊኪፔዲያ የወሰደውን ዓረፍተ ነገር ምንጩን ሳይጠቅስ በማስተማሪያ ጥራዙ ውስጥ ያስገባል። ጥራዙ ከዓመት ዓመት ይባዛል፤ ወደ ሥልጠና መጽሐፍ ያድጋል፤ ኋላም እርሱው ራሱ ምንጭ ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። ለጥያቄ መልስ የሚሰጡት አዳዲስ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከተማሩባቸው ጽሑፎች አንዱ ዊኪፔዲያ ነው። ፕሮግራሙ መልሱን ሲሰጥ የውይይት ገጹንና የለውጥ ታሪኩን አብሮ አያሳይም። አንባቢው የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ክርክሩ በመንገድ ላይ ይቀራል።

እንዶድና አዲስ ምርምርን የሚከለክለው ደንብ

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ ሁሉም ነገር የግምገማ ጽሑፍ ከጠየቀ፣ ብዙ ጥናት ያልተደረገበት የእኛ አገር ዕውቀት የት ሊገባ ነው? ጥያቄው የእንዶድን ታሪክ ያስታውሳል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋለ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸውና ነገሩ ታላቅ ተስፋ ነበረው። በዚያን ጊዜ መዝገቡ ቢኖርና አክሊሉ ያየውን በቀጥታ ቢጽፍበት ኖሮ፣ ደንቡን የሚያውቅ ማንኛውም ጸሐፊ በደቂቃዎች ውስጥ ያነሣበት ነበር።

ያ ውሳኔ በደል ይመስላል፤ አይደለም። መዝገበ ዕውቀት ግኝት የሚታወጅበት ቦታ አይደለም። አክሊሉ የመጀመሪያ ዘገባውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ላይ ነው። መጽሔቱ በተመሠረተ በ3ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች መረመሩት፤ ተከራከሩበት፤ ግኝቱም በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ እስኪመዘን ረጅም ዓመታት ወሰደ። አክሊሉ ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በእንዶድ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከመጀመሪያው ምልከታ 25 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ስለ እንዶድ የሚጽፍ ሰው የሚጠቅሰው ምንጭ ያገኘው በ1965 አንድ ሰው ያየውን በአገር መጽሔት ላይ በሥርዓት ስላሰፈረው ነው።

የደንቡ ጉዳት ግን መካድ የለበትም። ግምገማ ጽሑፎች የሚበዙት የምርምር ገንዘብ ባለበት ነው። የበለጸጉት አገሮች በሽታ በመቶ ግምገማዎች ሲደገፍ፣ የቆላ ገጠር በሽታ በአንድ ነጠላ ጥናት ላይ ይቆማል፤ ያም «ቀዳማዊ ምንጭ» ተብሎ ይወገዳል። መፍትሔው ደንቡን ማላላት አይደለም፤ ከላላ የእኛን ጥናት ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ነጋዴውንም ያስገባል። መፍትሔው በአገር ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑ የግምገማ ጽሑፎችን መጻፍ ነው። እያንዳንዱ መልካም ግምገማ በምንጭ ክርክር ውስጥ ስለ እኛ የሚመሰክር ምስክር ነው።

ተከራካሪ የሌለበት ገጽ

እስከዚህ የተነገረው በአብዛኛው የእንግሊዝኛውን ክፍል የሚመለከት ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺሕ የሚጠጉ ጽሑፎች ብቻ አሉት፤ ዘወትር የሚጽፉበትም ጥቂት ናቸው። ደንቡ በወረቀት ላይ ያው ነው። ደንቡን የሚያስከብረው ተከራካሪ ግን የለም። በትንንሽ ቋንቋዎች ይህ ምን እንደሚያስከትል የታዩ ምሳሌዎች አሉ። በስኮትስ ቋንቋ በሚታተመው ክፍል ከ20 ሺሕ በላይ ጽሑፎችን ያዘጋጀው ቋንቋውን የማያውቅ አሜሪካዊ ወጣት መሆኑ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለዓመታት ያረመው አልነበረም። የክሮኤሽያውን ክፍል ደግሞ ጥቂት ሰዎች ተቆጣጥረው ታሪክን ለራሳቸው አመለካከት ሲያጣምሙ እንደ ኖሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ምርመራ አረጋግጧል።

በጤና ጉዳይ የዚህ ክፍተት ዋጋ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ ሲዛመት፣ የእንግሊዝኛው የኢቦላ ገጽ በአንድ ወር ውስጥ 17 ሚሊዮን ጊዜ ያህል መነበቡን ኒው ዮርክ ታይምስ ዘግቧል። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ከፋውንዴሽኑ ጋር ተስማምቶ ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ፈቅዷል። ሕዝብ በጭንቅ ጊዜ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ድርጅቱ ተረድቷል ማለት ነው። በአማርኛ የሚያነብ ቤተሰብ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ ስለ ሕፃኑ ሕመም ሲፈልግ የሚያገኘው ገጽ ባዶ ወይም ያልታረመ ከሆነ፣ ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለሥራችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ገጽ ስናነብ የውይይት ክፍሉንና የለውጥ ታሪኩን አብረን እንክፈት። ክርክር ያለበት ገጽ የሚያስፈራ ሊመስል ይችላል፤ ይልቅስ የሚያሰጋው ማንም ያልተከራከረበት ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ የምንጭ ቁጥር ስናይ ምንጩን ራሱን ከፍተን የተባለውን ማለቱን እናረጋግጥ። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት መጠን ከዚያ አንውሰድ። የመዝገቡ የራሱ የአጻጻፍ መመሪያ መጠን በአጠቃላይ እንዳይጻፍ ይመክራል፤ የሕክምና ምክር እንደማይሰጥም በግልጽ ያስታውቃል። መጠን የሚወሰደው ከብሔራዊ የሕክምና መመሪያና ከመድኃኒት መድብል ነው። አራተኛ፣ ስሕተት ስናገኝ አልፈን አንሂድ፤ ምክንያታችንን ከነምንጩ በውይይት ገጹ ላይ እናስፍር። ማዕረጋችንን ማስቀደም አይጠቅመንም፤ የታካሚን ምስጢርም በምንም ምክንያት ወደዚያ አንውሰድ።

ዊኪፔዲያን «አይታመንም» ብሎ መተው ቀላል ነው። ነገር ግን ታካሚዎቻችን አልተዉትም፤ ተማሪዎቻችንም አልተዉትም። በመግቢያው ላይ የተነገረው ዓረፍተ ነገር ለወራት በገጹ ላይ የቆየው ደንብ ስለጎደለ አልነበረም። ደንቡ ነበረ፤ ጉድለቱን ያየ አንባቢም ነበረ። የጎደለው ምንጩን ከፍቶ 4 መስመር የሚጽፍ የጤና ባለሙያ ነበር።